የቡስት መቆጣጠሪያ ከመግዛትህ በፊት የአዲስ አበባን አየር ለካ

ባለፈው ቅዳሜ ሶማሌ ተራ የጎማ ቱቦ ፍለጋ ስዞር አንድ ልጅ አስቆመኝ። እጁ ላይ ሰማያዊ፣ የሚያብረቀርቅ የቡስት መቆጣጠሪያ ይዟል። ቡስት ማለት ቱርቦው አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ሲያስገባ የሚፈጥረው ተጨማሪ ግፊት ነው፤ የሚለካው በባር ነው።

"ብሮ፣ ይሄን ስንት ላይ ላድርገው?"

መኪናው ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብልዩ አር ኤክስ ነው። አሁን ስንት ባር ይሠራል? አያውቅም። ቡስቱን የሚገድበው በር፣ የዌስትጌቱ፣ ስፕሪንግ ስንት ነው? አያውቅም። ጌጅ፣ ማለትም የግፊት መለኪያ፣ አለህ? የለውም። ዩቲዩብ ላይ ግን አንድ ፈረንጅ 1.2 ባር ላይ ሲያደርገው አይቷል።

አልሳቅኩበትም። እኔም በዚያው መንገድ ነው የገባሁበት። ችግሩ ያ ፈረንጅ የሚነዳው ባሕር ዳር ነው። ጣና ዳር ያለችውን ከተማ ማለቴ አይደለም፤ እውነተኛው የባሕር ጠረፍ ላይ። እኛ ደግሞ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። የእሱ 1.2 ባር እና የእኛ 1.2 ባር ለቱርቦው አንድ አይደሉም።

እንግዲህ ዕቃ ስትመርጥ እኔ የምሄድበትን ቅደም ተከተል ልንገርህ። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከራሴ ደብልዩ አር ኤክስ ናቸው፤ ስሌቱ ግን ለማንኛውም ቱርቦ ቤንዚን መኪና ይሠራል።

1. የውጭውን አየር እወቅ

የቡስት ጌጅ የሚያሳይህ ከውጭው አየር በላይ ስንት ግፊት እንዳለ ነው። ስለዚህ የውጭውን ሳታውቅ የጌጁ ቁጥር ግማሽ ወሬ ነው።

ባሕር ጠረፍ ላይ የአየሩ ግፊት 1.01 ባር ነው። አዲስ አበባ 0.76 ባር አካባቢ ነው። እንጦጦ ጫፍ ስትወጣ ወደ 0.69 ይወርዳል። አዳማ ስትወርድ 0.82 ገደማ ይሆናል።

ስልክህ ላይ ያለውን የአየር ሁኔታ አፕ እንዳታምን። አዲስ አበባ ላይ ሆነህ 1,020 ምናምን ሄክቶፓስካል ይልሃል። ውሸት አይደለም፣ ግን ወደ ባሕር ጠለል የተቀየረ ቁጥር ነው። ለእኛ ሥራ አይሆንም። ትክክለኛውን የምታገኘው ከራሱ ከመኪናው ነው። ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ ክፈት። በኦቢዲ ማንበቢያ (ከመኪናው ኮምፒውተር መረጃ የሚያነብ መሣሪያ) የማኒፎልድ ግፊትን፣ ማለትም ወደ ሲሊንደሮቹ አየር በሚያከፋፍለው ቱቦ ውስጥ ያለውን ግፊት፣ ወይም የከባቢ አየር ግፊትን ተመልከት። 76 ኪሎፓስካል አካባቢ ካለህ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። 100 ካለህ ወይ ሴንሰሩ ተበላሽቷል፣ ወይ ሳታውቀው ጅቡቲ ገብተሃል።

2. የቱርቦውን ጣሪያ አስላ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ ነው ረጅም ጊዜ የምቀመጠው።

ቱርቦ የሚደክመው በጌጁ ቁጥር ልክ ሳይሆን፣ የሚያስገባውን አየር ስንት እጥፍ አድርጎ እንደሚያወጣው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የውጭውን ግፊትና የጌጁን ቁጥር ደምር። ድምሩን ለውጭው ግፊት አካፍል። የሚወጣውን ቁጥር ማባዣ እለዋለሁ።

ባሕር ጠረፍ ላይ 0.9 ባር፦ 1.01 ሲደመር 0.9፣ 1.91 ይሆናል። ለ1.01 ስታካፍለው 1.89።

አዲስ አበባ ላይ ያው 0.9 ባር፦ 0.76 ሲደመር 0.9፣ 1.66። ለ0.76 ሲካፈል 2.18።

ተመልከት እንግዲህ። ጌጁ ላይ ቁጥሩ አንድ ነው። ቱርቦው ግን እዚህ የበለጠ ይለፋል፤ ሞተሩ ደግሞ ያነሰ አየር ያገኛል። "የባሕር ጠረፉን ጉልበት ካላገኘሁ" ብለህ እስከ 1.91 ድረስ ብትገፋው፣ ጌጁ 1.15 ማሳየት አለበት፤ ማባዣው 2.5 ይደርሳል። ያን ጊዜ የአየሩ ሙቀት ይጨምራል። 20 ዲግሪ ሆኖ የገባ አየር፣ 70 በመቶ ብቃት ባለው ኮምፕሬሰር (አየሩን የሚያምቀው የቱርቦው ክፍል) በ1.89 ሲታመቅ 104 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይወጣል። በ2.5 ሲታመቅ 145 ያልፋል። ይሄ የታመቀውን አየር ከሚያበርደው ራዲያተር፣ ከኢንተርኩለሩ፣ በፊት ያለው ነው። ኢንተርኩለሩ ደግሞ የሚቀዘቅዘው በዚሁ በሳሳ አየር ነው።

ለቱርቦህ ሞዴል ኮምፕሬሰር ማፕ የሚባለውን ሥዕል ኢንተርኔት ላይ ፈልግና ብቃቱ የት ላይ እንደሚወድቅ እይ። ማፑ ካልተገኘ፣ የእኔ የግል ልክ ለትንንሽ ፋብሪካ ቱርቦዎች 2.2 ነው። አዲስ አበባ ላይ ይሄ 0.9 ባር ማለት ነው። ድፍረት የጎደለው ነው የሚሉኝ አሉ። ይሁን።

በነገራችን ላይ፣ ቱርቦ ራሱ ዝና ያተረፈው በከፍታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ የአውሮፕላን ሞተር ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ወጣ። 4,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ የሳሳ አየር የቀማውን ጉልበት ቱርቦ እንደሚመልስ በተግባር አሳየ። እኛ በየቀኑ ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ስንወጣ የሱን ሙከራ እየደገምን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እንደ ደብልዩ አር ኤክስ ያሉ መኪናዎች ኮምፒውተራቸው የከባቢ አየሩን ግፊት ያውቃል። ከፍታ ላይ ሲሆኑ ቱርቦውን ለመጠበቅ ቡስቱን ራሳቸው ይቀንሱታል። ስለዚህ መጽሐፉ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ያነሰ ስላየህ ብቻ "ታሟል" ብለህ ዕቃ ለመግዛት አትሩጥ።

3. ያለህን ፈትሽ

የሚያፈስ ቱቦ ላይ መቆጣጠሪያ መግጠም በተቀደደ ጆንያ እህል መሙላት ነው።

ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ በቱርቦው መግቢያ ልክ የሆነ የፕላስቲክ ክዳን ግዛ። ጎሚስታው የጎማ ቫልቭ እንዲገጥምልህ አድርግ። የአየር ማጣሪያውን ቱቦ ፍታና ክዳኑን በቱርቦው መግቢያ ላይ በክላምፕ አጥብቀው። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈት፤ አለበለዚያ ግፊቱ የሞተሩን የዘይት ማሸጊያ ጎማዎች ሊገፋ ይችላል። ከዚያ ቀስ ብለህ እስከ 0.5 ባር ሙላ። ኦሞ የተበጠበጠበት ውኃ በመርጫ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ርጭ። አረፋ የሠራበት ቦታ ያፈስሳል።

ጎሚስታው ኮምፕሬሰሩን እንዳለ እንዳይለቅብህ! እሱ የለመደው የአይሱዙ ጎማ መሙላት ነው። የእኔ የኢንተርኩለር ቱቦ አንድ ጊዜ ተወርውሮ የግቢው በር ላይ አርፏል።

ካንዴላዎቹን አውጥተህ እያቸው። ኮምፕሬሽን አስለካ። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ በግልጽ ካነሰ እዚህ ላይ አቁም። የቡስት ገንዘብህን ለሞተሩ አውለው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ "ይሄ ቢሞት ሌላ አስመጣለሁ" የሚባል ነገር ቀርቷል። ሞተር ከወረደ ወረደ ነው።

4. መጀመሪያ የሚገዛው ጌጅ ነው

መቆጣጠሪያ አይደለም። ጌጅ።

ሜካኒካል ጌጅ ይበቃል። ቱቦውን ከኢንቴክ ማኒፎልድ ውሰድ፤ ከነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው ቱቦ ላይ ግን አትቀጥለው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ያለ ጋዝ ሲዞር ባሕር ጠረፍ ያሉ ሰዎች ከዜሮ በታች 0.65 አካባቢ ያያሉ። እኛ ጋ 0.4 ምናምን ብታይ አትደንግጥ፤ የውጭው አየር ራሱ ትንሽ ስለሆነ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ጤነኛ ሞተር ተፈትቶ አይቻለሁ።

አቅም ካለህ ዋይድባንድ የሚባለውን የአየርና የነዳጅ ምጣኔ ጌጅ ጨምር። ቡስት ሲጨምር ነዳጁ ካልተከተለ የምታውቀው በእሱ ነው። በጆሮ አይታወቅም። ማደያ ላይ ቤንዚን ቤንዚን ነው። እንደ ውጭ አገር "ባለ 98 ቅዳልኝ" አትልም። ስለዚህ ሞተሩ ማንኳኳት (ነዳጁ ያለ ሥርዓት ፈንድቶ ሞተሩን ሲመታ) የሚጀምርበትን መስመር በነዳጅ ምርጫ ማራቅ አትችልም። ከመስመሩ ራቅ ብለህ መቆም ነው ያለህ።

5. ስፕሪንጉን ምረጥ

ዌስትጌት ማለት ትርፍ ጭስ በቱርቦው ተርባይን ሳያልፍ የሚወጣበት በር ነው። በሩን የሚዘጋው አክቹዌተሩ (በአየር ግፊት ዘንግ ገፍቶ በሩን የሚከፍተው ዕቃ) ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ነው። ማንኛውም መቆጣጠሪያ፣ ውዱም ርካሹም፣ ቡስቱን ከስፕሪንጉ በላይ ያደርጋል እንጂ በታች ማድረግ አይችልም። 0.8 ባር ስፕሪንግ ገጥመህ "ለከተማ 0.5 ላይ አድርግልኝ" ብትል አይሆንም።

እኔ የምከተለው ልክ ይሄ ነው፦ ስፕሪንጉ ከምትፈልገው ቡስት ከግማሽ ትንሽ በለጥ ይበል። ለ0.9 ባር፣ 0.5 ስፕሪንግ። በጣም ከላላ የጭሱ ግፊት ራሱ በሩን እየገፋ ይከፍተዋል፤ ቱርቦው ዘግይቶ ይነሳል። በጣም ከጠነከረ ደግሞ መቆጣጠሪያው ሲበላሽ የምታርፍበት ታችኛው ወለል ከፍ ይላል።

የገዛኸውን አክቹዌተር ከመግጠምህ በፊት ጠረጴዛ ላይ ፈትነው። ግፊት የሚያሳይ የሳይክል ፓምፕ ይበቃል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ቀጥታ ብትሰጠው ውስጡ ያለው ስስ ጎማ ይቀደዳል። ዘንጉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ስንት እንደሆነ ጻፍ። ሙሉ በሙሉ ሲወጣም ጻፍ። ከዚያ ፓምፑን ያዝና አንድ ደቂቃ ጠብቅ። ቁጥሩ ከወረደ ያፈስሳል፤ ለሻጩ መልስ። "0.5" ተብሎ የተሸጠልኝ አንድ አክቹዌተር 0.3 ላይ ተንቀሳቅሷል። ማሸጊያው ኦሪጅናል ይመስል ነበር። ዕቃው ፎርጅድ ነው።

አንዳንድ መካኒኮች ስፕሪንግ ከመቀየር ይልቅ ዘንጉን በማሳጠር ያጠነክሩታል። ለትንሽ ማስተካከያ ችግር የለውም። ከሁለትና ሦስት ዙር በላይ ከጠየቀህ ግን የሚያስፈልግህ ሌላ ስፕሪንግ ነው።

6. አሁን መቆጣጠሪያው

ሦስት ዓይነት አለ ብለህ አስብ።

ሜካኒካሉ ውስጡ ኳስና ስፕሪንግ ብቻ ያለው ነው። ግፊቱ ልኩ እስኪደርስ ወደ አክቹዌተሩ አየር አያሳልፍም። ርካሽ ነው፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ቱርቦውም ቶሎ ይነሳል። ጎኑ ላይ በጣም ትንሽ ቀዳዳ መኖሩን እይ። ያ ቀዳዳ ከሌለ አክቹዌተሩ ውስጥ የገባው አየር መውጫ ያጣና በሩ ቶሎ አይዘጋም። ፎርጅዶቹ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። የዚህ ዓይነቱ ድክመት ከፍታ አለማወቁ ነው። ሁልጊዜ 0.9 ነው። እንጦጦ ስትወጣ ያው 0.9 የቱርቦውን ማባዣ ወደ 2.3 ያወጣዋል። አዳማ ስትወርድ ደግሞ ሞተሩ ውስጥ የሚገባው አየር ይጨምራል። ሽቅብ ቱርቦውን፣ ቁልቁል ሞተሩን ይፈትናል።

ሁለተኛው ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶሌኖይድ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ፣ ነው፤ የሚታዘዘው በራሱ በመኪናው ኮምፒውተር ነው። የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ኮምፒውተሩ የከባቢውን አየር ስለሚያውቅ ቡስቱን ከፍታ እያየ ያስተካክላል። ደብልዩ አር ኤክስ ከፋብሪካ ባለ ሁለት ቀዳዳ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ቱቦው ውስጥ ጠባብ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ማጥበቢያ አለች። ባለ ሦስቱን ስትገጥም ያችን ማጥበቢያ አውጣት። ረስተሃት ብትተዋት ቡስቱ በአንዴ ይዘላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ኮምፒውተሩ ለአዲሱ ሶሌኖይድ እንደገና መስተካከል አለበት። ይሄን ለማያስተካክል ሰው ዕቃው ባይገዛ ይሻላል።

ሦስተኛው የራሱ ስክሪን ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ነው። ጥሩዎቹ ጥሩ ናቸው። ኮምፒውተሩ ለማይነካ የድሮ መኪና ይጠቅማል። ብዙ ጊዜ ግን ሰው የሚገዛው ሰማያዊ መብራቱን ነው።

ሶሌኖይዱን ስትገዛ ቀዳዳዎቹ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመን፤ በየፋብሪካው ይለያያል። በአፍህ ንፋ። ኤሌክትሪክ ሳይነካው፣ ከቱርቦው የሚመጣው ቀዳዳና ወደ አክቹዌተሩ የሚሄደው መገናኘት አለባቸው፤ ሦስተኛው ይዘጋል። 12 ቮልት ስትሰጠው "ጠቅ" ይልና የአክቹዌተሩ ቀዳዳ ከሦስተኛው ጋር ይገናኛል። ከዚያ በተመሳሳይ መንገድ አስገጥመው። እንዲህ ሲሆን ሽቦው ቢበጠስ መኪናው ወደ ስፕሪንጉ 0.5 ይመለሳል። ገልብጠህ ከገጠምከው ሽቦው ሲበጠስ በሩ ጭራሽ አይከፈትም። የመጀመሪያው ሶሌኖይዴ ላይ የሆነው እሱ ነው። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ትንሽ ጋዝ ስሰጠው ጌጁ ሽቅብ ሄደ፤ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ቆረጠው፤ መኪናው እንደ በቅሎ ደነበረ። የኋላው ታክሲ ሾፌር ያለኝን አልጽፈውም። ጋሼ (መካኒኬን እንዲያ ነው የምጠራው) ኮፋኖውን ከፍቶ ለአምስት ሰከንድ ካየ በኋላ "አንተ ልጅ፣ ግራና ቀኝህን መቼ ነው የምትለየው?" አለኝ።

7. ቱቦና ክላምፕ

ትንሽ ነገር ይመስላል። ሞተር የሚገድለው ግን እሱ ነው። ወደ አክቹዌተሩ የሚሄደው ቱቦ ከወለቀ ዌስትጌቱ ትእዛዝ አይደርሰውም፤ ቡስቱ ጣሪያ አይኖረውም።

ውስጡ 4 ሚሊሜትር የሆነ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ሙቀት የሚችል ሲሊኮን ቱቦ ግዛ። የዓሣ ገንዳ ቱቦ የገጠሙ አይቻለሁ፤ ኮፋኖ ስር በሳምንት ይለሰልሳል። ሁለት ጣትህ መሃል ይዘህ እጠፈው፤ ታጥፎ ከቀረ ተወው። አጭር ይሁን። ከማርሚታው መስመርና ከቱርቦው ራቅ ይበል። እያንዳንዱን ጫፍ በክላምፕ እሰር። የአክቹዌተሩን አየር ከቱርቦው ኮምፕሬሰር መውጫ ውሰድ፤ ከሌላ ዕቃ ጋር አታጋራው።

8. ሊቆዩ የሚችሉ ነገሮች

ብሎው ኦፍ ቫልቭ (ጋዙን ስትለቅ የታመቀውን አየር የሚያስወጣው)፦ "ጢሽሽ" የሚለውን ድምፅ ሁሉም ይወዳል። የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ማጣሪያው አጠገብ ያለ መኪና ላይ አየሩን ወደ ውጭ ከለቀቅከው ግን ኮምፒውተሩ የቆጠረው አየር ይጠፋል፤ ማርሽ በቀየርክ ቁጥር ጥቁር ጭስ ትለቃለህ። አየሩን ወደ ውስጥ የሚመልሰውን የፋብሪካውን ያዝ።

ከቱርቦው ተነጥሎ ለብቻው የሚገጠም ዌስትጌት ለትልቅ ቱርቦ ነው። ፋብሪካውን ቱርቦ ይዘህ የምትፈልገው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ ማርሚታውን ሙሉ በሙሉ ከከፈትክና ቡስቱ በከፍተኛ ዙር ሳታዘው ቀስ እያለ መውጣቱን ካላቆመ። በሩ ጠቦታል ማለት ነው። ያን መቆጣጠሪያ አይፈታውም፤ ወይ በሩን ማስፋት ወይ ማርሚታውን መመለስ ነው።

9. አሞካከሩ

ከተማ ውስጥ አትሞክር። የኮሪደር ልማቱ መንገዱን አሰፋው፣ አሳመረው፤ እግረኛውም በዝቷል። ቸርችል ላይ ቁልቁል ጋዝ መስጠት ጀግንነት አይደለም።

እኔ ማለዳ ወጥቼ የአዳማን ፈጣን መንገድ ነው የምጠቀመው። ምልክቱ ከሚፈቅደው ፍጥነት ሳላልፍ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ከ2,500 እስከ 5,000 ዙር። አጠገቤ ሰው ላፕቶፕ ይዞ ይቀመጣል። ለሱባሩ ሮምሬደር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ቡስቱን፣ የማንኳኳት እርምቱን (ኮምፒውተሩ ማንኳኳት ሲሰማ የሚያደርገውን ማስተካከያ)፣ ሁሉንም ይመዘግባል።

መጀመሪያ ያለ መቆጣጠሪያ፣ በስፕሪንጉ ብቻ። ቁጥሩ ጠረጴዛ ላይ ከለካኸው ጋር ይቀራረባል? ጥሩ። ከዚያ በ0.1 ባር ብቻ ጨምር። ሦስት ጊዜ ሞክር፣ መዝግብ፣ እንደገና 0.1። ቡስቱ ሲነሳ ለቅጽበት ከልኩ ከ0.1 በላይ ዘሎ ከተመለሰ፣ ወይም የማንኳኳት እርምት ካየህ፣ ወደ ቀድሞው መልስና እዚያው ቁም። አዳማ ስትደርስም አንድ ጊዜ መዝግብ፤ አየሩ ወፍራም ስለሆነ እዚያ ንጹሕ ያልሆነ ነገር አዲስ አበባ ላይ ተደብቆ ሊሆን ይችላል።

ከሳምንት በኋላ ክላምፖቹን ሁሉ እንደገና አጥብቅ። የአክቹዌተሩ ዘንግ ላይ ያለው ዳዶ በንዝረት እንዳይላላ፣ ቢላላም እንድታውቅ፣ ዳዶውንና ዘንጉን አያይዘህ በጥፍር ቀለም መስመር አስምርበት። እኔ የእህቴን ቀዩን ነው የወሰድኩት። እስካሁን እየፈለገችው ነው።